ወርቅ ሰጥቼ ብረት ተቀበልኩ፦ ከበርሊን እስከ ድሬስደን የሜዳልያ ፍለጋ

ዓርብ

ከፍራንክፈርት በርሊን በፈጣን ባቡር አራት ሰዓት ገደማ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ልብስ ትንሽ ነው። የሚበዛው ሌላ ነው፦ አጉሊ መነጽር፣ በክር የታሰረች የአተር ፍሬ የምታክል ማግኔት፣ የጥጥ ጓንት፣ የገንዘብ ኖት የሚመረመርበት ዓይነት ሐምራዊ መብራትና ጠርዙ ያለቀ ማስታወሻ ደብተር። የድሮ የጀርመን ወታደር ሜዳልያና ባጅ መሰብሰብ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ።

ለምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። አበሻ የጀርመን ኒሻን ምን ያደርግለታል? መልሱ የሚጀምረው አዲስ አበባ ነው። አያቴ አርበኛ ነበሩ። ከነጻነት በኋላ የተሰጣቸው ሜዳልያ ቡፌው ላይ፣ ከብርጭቆዎቹ ኋላ ይቀመጥ ነበር። እሳቸው ካረፉ በኋላ አንድ ቀን ቤት ሲጸዳ፣ ከባዶ ጠርሙስና ከተበሳ ድስት ጋር ለቆራሌው ተሰጠ። ማን እንደሰጠው እስከዛሬ አይታወቅም። ሁሉም "እኔ አይደለሁም" ይላል። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ሦስት ቀን ሙሉ ምናለሽ ተራ ሲፈልግ ዋለ። አልተገኘም።

ስለዚህ ሜዳልያ ሳይ ከዋጋው በፊት የማስበው "የማን ነበር?" ብዬ ነው። ከነወረቀቱ፣ ከነስሙ የተገኘ ሜዳልያ ቢዛግም እንኳ እወደዋለሁ። ስሙ የጠፋበት ያሳዝነኛል። አንድ ቤት ቆራሌ ገብቶ ወጥቷል ማለት ነው።

በርሊን የማርፈው ጓደኛዬ ቤት ነው። አማቹ፣ ጋሼ፣ አብረውት ይኖራሉ። በ1980ዎቹ ለትምህርት ምሥራቅ ጀርመን የመጡ ሰው ናቸው። ቋንቋውን የተማሩት ላይፕዚግ፣ ሄርደር ኢንስቲትዩት ነው። እራት ላይ ዕቅዴን ስነግራቸው ጉርሻቸውን እንደያዙ ቆሙ።

"የሰው ወርቅ አያደምቅም ሲባል አልሰማህም?" አሉኝ።

"ወርቅ አይደለም ጋሼ፣ ብረት ነው።"

"ይባስ!" አሉና ጎረሱ። ትንሽ ቆይተው ግን "እሁድ አንድ ቦታ እወስድሃለሁ" አሉኝ። የት እንደሆነ አልነገሩኝም።

ቅዳሜ

ቲርጋርተን ባቡር ጣቢያ ስወርድ ገና ሁለት ሰዓት ተኩል አልሆነም። የአሮጌ ዕቃ ገበያው ያለው እዚያው አጠገብ፣ የጁን 17 ጎዳና ላይ ነው። መንገዱ ስሙን ያገኘው በ1953 ጁን 17 ቀን ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ ሠራተኞች ካነሱት ዐመፅ ነው። (እዚህ የምጽፈው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ነጋዴዎቹ ከመኪናቸው የሙዝ ካርቶን እያወረዱ ነበር። ጥሩ ዕቃ የሚገኘው በዚህ ሰዓት ነው። ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ሳይደረደር አስቀድሞ የሚያነሳው ሌላ ነጋዴ ነውና።

የመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ የጠበቅሁት ተኝቶ አገኘሁት። የብረት መስቀል፣ ሁለተኛ ደረጃ፣ የ1914ቱ።

ስለ ጀርመን ሜዳልያ ምንም የማያውቅ ሰው እንኳ ይቺን መስቀል ያውቃታል። የፕሩሲያ (የያኔው የሰሜን ጀርመን መንግሥት) ንጉሥ ፍሪድሪክ ቪልሄልም 3ኛ በ1813 ከናፖሊዮን ጋር ሊዋጋ ሲነሳ ያቋቋማት ናት። ቀኑ ማርች 10 ተብሎ ተጻፈ፤ ከሦስት ዓመት ገደማ በፊት የሞተችው የንግሥት ሉዊዘ የልደት ቀን ነበር። ንድፉ የካርል ፍሪድሪክ ሺንክል ነው፤ የበርሊንን ትላልቅ ሕንፃዎች የነደፈው አርክቴክት። ከዚያ በፊት ኒሻን ማለት ወርቅና ኢናሜል ነበር፤ የመኳንንት ጌጥ። ይቺኛዋ ግን ከብረት ተሠራች፣ ለተራ ወታደርም ተሰጠች። አገሪቱ ደህይታ ነበር። ድህነቷን ደረቷ ላይ አደረገችው።

መስቀሏን አንስቼ ወደ ብርሃኑ አዞርኳት። እውነተኛዋ ከሦስት ቁራጭ ነው የምትሠራው። መሀል ላይ ጥቁር ቀለም የተቀባ የብረት መስቀል አለ። ከፊትና ከኋላ ሁለት የብር ክፈፎች ያቅፉታል። ክፈፎቹ ዳርና ዳር ላይ ተበይደዋል። በአጉሊ መነጽር ጎኗን ካየሃት የብየዳው መስመር እንደ ፀጉር ቀጥኖ ይታያል። የክፈፉ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ጤፍ ጤፍ የሚያካክሉ ነጠብጣቦች ተሰልፈዋል። ጥሩ እጅ የሠራት ከሆነች ነጠብጣቦቹ ማዕዘን ላይ ሲደርሱ እንኳ አይደባለቁም። ማግኔቷን በክሯ አንጠለጠልኩ። ወደ መሀል ስትጠጋ ቀና ብላ ተሳበች፤ ብሩ ላይ ግን ዝም አለች። ፊቷ ላይ ዘውድ፣ ደብልዩ የሚለው የካይዘሩ (የንጉሠ ነገሥት ቪልሄልም) ፊደልና 1914። ጀርባዋ ላይ የባሉጥ ቅጠልና 1813። የልጅ ልጅ ልጁ ጦርነት በቅድመ አያቱ ጦርነት ጀርባ ላይ ታዝሏል።

ይህን ሁሉ የምፈትሸው በከንቱ አይደለም። በሁለተኛው ዓመቴ አንድ የኢንተርኔት ሻጭ ያንደኛ ደረጃዋን በ180 ዩሮ ሸጦልኛል። ያኔ ለእኔ የወር አስቤዛ ነው። ደርሳኝ ስከፍታት ቆንጆ ነበረች። ጎኗን ሳይ መስመር የላትም። ሙሉዋ በአንድ ጊዜ በቅርጽ የፈሰሰች ፎርጅድ ነበረች። ሻጩ ከዚያ በኋላ መልስ አልሰጠኝም። አሁንም አለችኝ። ለጀማሪ ሰብሳቢዎች ከእውነተኛዋ ጎን አስቀምጬ አሳያታለሁ።

የጠረጴዛው ባለቤት 55 ዩሮ አለኝ። ተራ ዋጋ ነው። በ1813ቱ ጦርነት ሁለተኛ ደረጃዋን ያገኙት 9 ሺህ ገደማ ሰዎች ነበሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግን 5 ሚሊዮን ገደማ ታደለች። ብዙ የተሰጠ ነገር ይረክሳል፤ ያውም ከአንድ ትልቅ ሽንፈት በኋላ። "ወረቀት አላት?" አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። አመስግኜ አስቀመጥኳት። እሷን የመሰሉ ሁለት ቤቴ አሉኝ።

ቀጥሎ ያሉት ሁለት ጠረጴዛዎች ላይ ዕቃው ግማሹ ትናንሽ ክብ ተለጣፊ ተደርጎበታል። ከሥሩ ያለው ስዋስቲካ ነው። የጀርመን ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 86ሀ እንዲህ ያለውን ምልክት በአደባባይ ማሳየት ይከለክላል። በ1957 የወጣው የኒሻን ሕግም የናዚ ዘመን ሜዳልያ ያላቸው ሰዎች ስዋስቲካው የተነሳለትን ብቻ እንዲያደርጉ ፈቀደ። እኔ ያን ምልክት የያዘ ባጅ አልገዛም። ገበያው ላይ በጣም የሚፈለገውም፣ በጣም ፎርጅድ የበዛበትም እሱ ነው። ተለጣፊውን በጥፍሩ ገለጥ አድርጎ በፈገግታ የሚያይ ሰው ሲያጋጥመኝ ጠረጴዛውን ትቼ እሄዳለሁ።

አራት ሰዓት ላይ፣ ቁልፍና የተሰበሩ ሰዓቶች የተሞላ የብስኩት ጣሳ ውስጥ እጄን ስከት አንድ ክብ፣ ጥቁር ነገር ያዝኩ። ክብደቱ ብቻ ልቤን መታው። ብረት ነው። አንዲት ሴት በጉልበቷ ተንበርክካ ጌጧን ስትሰጥ ይታያል። ከሥሯ 1916። ገለበጥኩት። "ወርቅ ለጦሩ ሰጠሁ፣ ብረት ለክብሬ ተቀበልኩ" ይላል በጀርመንኛ፣ ቤት እየመታ።

ይህን ነገር ላስረዳ። በ1813 ልዕልት ማሪያነ የፕሩሲያን ሴቶች ጌጣችሁን ለጦሩ ስጡ ብላ ጠራች። ሴቶቹ የጋብቻ ቀለበታቸውን ሳይቀር ሰጡ። በምትኩ የተሰጣቸው የብረት ቀለበትና የብረት ጌጥ ነበር። "ወርቅ ስለ ብረት ሰጠሁ" የሚል ተጽፎበታል። የበርሊኑ የንጉሥ ብረት ማቅለጫ እንደ ጥልፍ የቀጠነ ጥቁር ጌጥ በመሥራት ስሙ የወጣ ነበርና፣ ከዚያ በኋላ ወርቅ ያደረገች ሴት የምታፍርበት ጊዜ መጣ። መቶ ዓመት አልፎ፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ መንግሥት ወርቅ ሲያልቅበት ያንኑ ጥሪ ደገመው። ይቺ ሜዳልያ ወርቋን ላስረከበች ሴት የተሰጠች ደረሰኝ ናት።

ነገሩ እዚያ አላበቃም። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሲወር ያንኑ ዘዴ አመጣ። ዲሴምበር 18 ቀን 1935 የጣልያን ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን አውልቀው ለመንግሥት ሰጡ። ሮም ላይ ንግሥት ኤሌና ቀድማ ሰጠች። በምትኩ የብረት ቀለበት ተሰጣቸው። ያ ወርቅ የተሰበሰበው በእኛ ላይ ለሚደረገው ጦርነት ነው። አያቴ ጫካ የገቡት በዚያው ጦርነት ነው። የብስኩት ጣሳው አጠገብ ቆሜ ይህን ሳስብ ሴትዮዋ ነጋዴ "ይፈልጉታል ወይስ አይፈልጉትም?" አሉኝ። ስምንት ዩሮ ከፈልኩ። ዋጋ አልተከራከርኩም።

ከእሳቸው ሌላም ገዛሁ። የ1870/71 ጦርነት መታሰቢያ ናት፤ ፈረንሳይ የተሸነፈችበት። ለተዋጊዎች የተሰጠችው ከነሐስ፣ ላልተዋጉት የተሰጠችው ከብረት ነው። የኔዋ የነሐሷ ናት። ጠርዟን ዙሪያዋን በአጉሊ መነጽር ብታነብ "ከተማረከ መድፍ" የሚል ጽሑፍ ታገኛለህ። የፈረንሳይ መድፍ ቀልጦ ነው የወታደሩ ደረት ላይ የተንጠለጠለው። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ነሐስ አቅልጠው ሴባስቶፖልን አሠሩ። እዚህ ደግሞ መድፉ ቀልጦ ሜዳልያ ሆነ። ነሐስ ትዕግሥተኛ ነገር ነው፤ የሚያደርጉትን ሁሉ ይሆናል።

ወደ ገበያው መጨረሻ፣ መስታወት ክዳን ያለው ሳጥን ይዞ የተቀመጠ ሰው አገኘሁ። ሳጥኑ ውስጥ ሦስት ዓመት ስፈልገው የነበረው ነገር አለ። የደቡብ ምዕራብ አፍሪካ መታሰቢያ ሜዳልያ። ካይዘር ቪልሄልም 2ኛ በ1907 ያቋቋመው። ነሐስ ነው። የራስ ቁር ያደረገች ጀርማኒያ፣ ጀርመንን የምትወክለው ሴት፣ ከጎኗ ትታያለች። ሪባኑ ላይ ጠባብ የነሐስ ቁራጭ ተሰክታለች። አንድ ቃል ብቻ ተጽፎባታል፦ ዋተርበርግ።

ቃሉን የምታውቀው ታውቀዋለህ። ዛሬ ናሚቢያ በምንላት አገር፣ ኦገስት 11 ቀን 1904 የጀርመን ጦር ሄሬሮ የተባሉትን የአገሩን ሰዎች ዋተርበርግ ላይ ገጠማቸው። ያመለጡት ከነሴቱ፣ ከነሕፃኑ፣ ከነከብቱ ወደ ኦማሄኬ በረሃ ተነዱ። የውሃ ጉድጓዶቹ ተጠበቁባቸው። ኦክቶበር 2 ቀን ጄኔራል ሎታር ፎን ትሮታ መሣሪያ ቢይዝም ባይይዝም ማንኛውም ሄሬሮ ይተኮስበታል የሚል ትእዛዝ አወጣ። ከሄሬሮ ሕዝብ አብዛኛው፣ ናማ ከተባለው ሌላው የአገሩ ሕዝብ ደግሞ ግማሽ ያህሉ አለቀ። የጀርመን መንግሥት ዘር ማጥፋት ነበር ብሎ ያመነው በ2021 ነው። ሰውየው 190 ዩሮ አለኝ። ከሟች ቤት ከተጠራረገ ዕቃ ውስጥ እንደመጣ ነገረኝ። ወረቀት የለውም፣ ስም የለውም።

እጄ ላይ ይዤው ቆየሁ። ለሌላው የጀርመን ሜዳልያ እንግዳ ነኝ። ለዚህኛው አይደለሁም። አፍሪካዊ ነኝ። መልሼ አስቀመጥኩትና "ነገ ትኖራለህ?" አልኩት። እኖራለሁ አለ።

እሁድ

ጋሼ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ጠበቁኝ። የወሰዱኝ ክሮይትስበርግ፣ ቪክቶሪያ ፓርክ ነው። ኮረብታውን ቀስ እያልን ወጣን። ሰው ሠራሽ ፏፏቴው ዳር ሁለት ጊዜ አረፍን።

"በል ቀና በል" አሉኝ ጫፍ ላይ ስንደርስ።

ወደ 20 ሜትር የሚጠጋ ሐውልት ነው። ሙሉው ቀልጦ የተፈሰሰ ብረት ነው። ይህንንም የነደፈው ሺንክል ነው። በ1821 የተመረቀ፣ ከናፖሊዮን ጋር ለተደረጉት ጦርነቶች መታሰቢያ። ዙሪያውን አሥራ ሁለት ሐውልቶች ቆመውበታል፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ጦርነት ስም። ጫፉ ላይ ትናንት በእጄ ያዞርኳት የብረት መስቀል አለች። ኮረብታው የመስቀል ተራራ የተባለው ከእሷ ነው። በኋላ ሰፈሩ በሙሉ በኮረብታው ስም ተጠራ። ቱርኩም አበሻውም ወጣቱም የሚኖርበት፣ ዓለም በምሽቱ የሚያውቀው ክሮይትስበርግ ስሙ የአንድ ሜዳልያ ስም ነው።

"የመስቀል ተራራ ሲባል እኔ ግሸን ነበር ትዝ የሚለኝ" አሉ ጋሼ። ወሎዬ ናቸው። "ሠላሳ ምናምን ዓመት እዚህ ስመላለስ መስቀሏ የወታደር መሆኗን ያወቅሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። አንተ ኒሻን ኒሻን ስትል ይቺን ሳታይ እንዳትሄድ ብዬ ነው።"

ስለ ትናንቱ ሜዳልያ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ "እንግዲያው ሌላም ቦታ አለ" አሉ። አውቶቡስ ይዘን ኮሎምቢያዳም ወረድን። ከድሮው የቴምፕልሆፍ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የጦር ሠራዊት መቃብር አለ። ከአጥሩ ሥር አንድ ትልቅ ያልተጠረበ ድንጋይ ቆሟል። በ1904 እና በ1907 መካከል በፈቃዳቸው ወደ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ስለዘመቱ የአንድ ሬጅመንት 41 ሰዎች ይናገራል። የሰባቱን ስም ይዘረዝራል። "የጀግና ሞት ሞቱ" ይላል። ሰዉ የሄሬሮ ድንጋይ ይለዋል፤ ድንጋዩ ላይ ግን አንድም የሄሬሮ ስም የለም።

ከፊቱ መሬት ላይ ሌላ ድንጋይ አለ። በ2009 የተቀመጠ ነው። በናሚቢያ የጀርመን ቅኝ አገዛዝ ሰለባ ለሆኑት መታሰቢያ ይላል። ዘር ማጥፋት የሚለው ቃል የለበትም። አንደኛው ድንጋይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሁለተኛውን ለማንበብ ጎንበስ ማለት አለብህ። ጋሼ ጎንበስ አሉ። ከዘራቸውን ይዤላቸው ቆምኩ። አንብበው ሲጨርሱ ቆባቸውን አወለቁ፣ አማተቡ። "ነፍስ ይማር" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ሂድና ግዛው" አሉኝ።

"ለምን ጋሼ?"

"አንተ ካልገዛኸው ሌላው ይገዛዋል። እሱ ጀግና ብሎ ያስቀምጠዋል።"

እኔም ሌሊቱን ሳገላብጠው ያደርኩት ይህንኑ ነበር። ገበያው ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ሰውየው ሳጥኑን እየዘጋ ነው። 170 ዩሮ ተስማማን። በጋዜጣ ሲጠቀልልልኝ ጋሼ በጀርመንኛቸው "ዋተርበርግ የት እንደሆነ ያውቃሉ?" ብለው ጠየቁት። ያውቃል። "እኔ የምሸጠው ነሐስ ነው" አላቸው። ጋሼ አልመለሱለትም። ባቡር ላይ እስከ ቤት ድረስም አልተናገሩም።

ሰኞ

ጠዋት ብራንደንበርግ በር ላይ ደቂቃዎች ብቻ ቆየሁ። በሩ አናት ላይ ያለውን፣ አራት ፈረስ የሚጎትተውን የሠረገላ ሐውልት ናፖሊዮን በ1806 ፓሪስ ወሰደው። በ1814 ሲመለስ ሠረገላውን የምትነዳው ሴት በያዘችው ዘንግ ላይ የብረት መስቀል ተጨመረበት። ምሥራቅ ጀርመን መስቀሏን አነሳች፤ በ1991 ተመለሰች። እንግዲህ ከታች ሆኖ ለሚያያት ትንሽ ነገር ናት፤ ሦስት መንግሥት ግን ተጣልቶባታል።

ወደ ድሬስደን ባቡሩ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። እንደደረስኩ በቀጥታ ወደ ጀርመን ጦር ታሪክ ሙዚየም ሄድኩ። በ1870ዎቹ የተሠራ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ነበር። አርክቴክቱ ዳንኤል ሊበስኪንድ መሀሉን በብረትና በመስታወት ሽብልቅ ሰነጠቀው። በ2011 ተከፈተ። ከውጭ ስታየው መጥረቢያ ግንድ ላይ እንደተተከለ ነው። የሽብልቁ ጫፍ የሚያመለክተው ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1945 ከተማዋ ላይ የመጀመሪያዎቹ ቦምቦች ወደ ወደቁበት ነው። በዚህ ሙዚየም ውስጥ ሜዳልያው ለብቻው አያበራም። ከጎኑ የቆሰለው ሰው አለ፣ የተቃጠለው ዕቃ አለ። ቤቴ ያሉትን መሳቢያዎች እንዲህ ማድረግ እፈልጋለሁ።

ማክሰኞ

ዝናብ። ድሬስደን ኖይሽታት ውስጥ አንዲት ጠባብ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ገባሁ። የምሥራቅ ጀርመን ባጅ በኪሎ ነው። በ1956 የተቋቋመው የሕዝብ ሠራዊት የአገልግሎት ሜዳልያ፣ የወጣቶች ማኅበሩ "ለጥሩ እውቀት" ባጅ በነሐስ፣ በብርና በወርቅ ቀለም። ደማቅ ናቸው። ብዙም አልያዙኝም።

ባለሱቁ ሽማግሌ ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። "ወረቀት ያለው ነገር" አልኳቸው። መሳቢያ ከፍተው አንድ ቡናማ ፖስታ አወጡ። ውስጡ ሁለት የታጠፈ ወረቀትና ጥቁር መስቀል አለ።

ይህ የሂንደንቡርግ የክብር መስቀል የሚባለው ነው። ፕሬዚዳንት ሂንደንቡርግ ጁላይ 13 ቀን 1934 ያቋቋሙት፣ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰዎች። ሦስት ዓይነት አለው። ግንባር ለተዋጉት ሰይፍ ያለበት፣ ላልተዋጉት ሰይፍ የሌለበት፣ ለሟች ሚስቶችና ወላጆች ደግሞ ጥቁር የተቀባ። ከ8 ሚሊዮን በላይ ተሰጥቷል። ጥቁሩ ግን ከሁሉም ያንሳል። ሂንደንቡርግ ካቋቋሙት ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ኦገስት 2 ሞቱ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለው ጽሑፍ የሚጀምረው "በፉህረሩና በራይሽ ቻንስለሩ ስም" ብሎ ነው፤ በሂትለር ስም ማለት ነው።

ፖስታው ውስጥ ያለው ወረቀት የአንዲት መበለት ነው። 1936። ስሟ በታይፕ ተጽፏል። ሁለተኛው ወረቀት የባሏ መሞት ማስታወቂያ ነው፤ 1916። ሃያ ዓመት ነው በመካከላቸው ያለው። መስቀሉን ማግኔቷ ወዲያው ሳበችው። ብረት ነው። ጥቁሩ ቀለም በአንድ ጎኑ ብቻ፣ አውራ ጣት በሚያርፍበት ቦታ ላይ ተፍቆ አልቋል። ሴትዮዋ እንዲህ እየያዘችው ትቀመጥ እንደነበር ለመገመት ብዙ አያስፈልግም። ያው ግን የእኔ ግምት ነው።

የወረቀቱ ማኅተም ላይ ንስር አለ፣ ንስሩ ስዋስቲካ ይዟል። ባለሱቁ ቁራጭ ወረቀት አስደግፈውበታል። የራሴን ደንብ አስታወስኩ። ብዙ ቆምኩ። ይህንኑ መስቀል፣ በዚያው በሂትለር ስም፣ አይሁድ ዘማቾችም ተቀብለዋል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ 12 ሺህ ያህል የጀርመን አይሁድ ወታደሮች ሞተዋል። የኑረምበርግ ሕጎች በወጡበት በ1935 ለእነሱም ይህ ወረቀት ይታደል ነበር። ማኅተሙን ቀድዶ መጣል ወረቀቱን ማዋሸት ነው። 40 ዩሮ ከፈልኩ። ሽማግሌው ፖስታውን በፕላስቲክ ጠቅልለው "ከስሟ አይለዩዋት" አሉኝ። "አልለያትም" አልኳቸው።

ረቡዕ

ፍራንክፈርት ስገባ ማታ ሆኗል። እናቴ ደወለች። የአባትህን አባት ሜዳልያ አገኘህ ወይ ትለኛለች፣ በየጉዞዬ ማግስት። "አልተገኘም እማዬ" አልኳት። "እንግዲህ ይሁን" አለች።

ነገ ሥራ ስለምገባ ካርዶቹን ዛሬ መጨረስ አለብኝ ብዬ ቁጭ አልኩ። ለእያንዳንዱ ሜዳልያ አንድ ካርድ እጽፋለሁ፦ ምን እንደሆነ፣ የት እንደተገኘ፣ የማን እንደነበረ። የ1916ቷ ሴት ካርድ ላይ የኢጣልያውን ቀለበት ቀን ጨመርኩ። የመበለቷን ስም ከወረቀቱ ላይ ፊደል በፊደል ገለበጥኩ፣ የባሏንም።

የዋተርበርጉ ካርድ ላይ የስሙን መስመር ባዶ ተውኩት። ከሥሩ ኦገስት 11 ቀን 1904፣ ኦክቶበር 2 ቀን 1904 ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ መቃብሩ ላይ ያልነበረውን ቃል ጻፍኩ። ካርዱ ሞላ። ሁለተኛ ካርድ አወጣሁ።